በመንገድ ላይ የሞላው ጀሪካን

ጋሼ ሸዋንዳኝ በሃምሳ ሦስት ዓመቱ የሰው ሽንት አመላላሽ እሆናለሁ ብሎ በሕልሙም አስቦ አያውቅም። እሱ የሚያመላልሰው ሰው ነው። ዱባይ፣ አል ጋርሁድ ያለ አንድ ሆቴል ሠራተኞቹን ከሻርጃ የሚያመጣበትን ሚኒባስ ሲነዳ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። እሑድ ከሰዓት ደግሞ አጅማን ውስጥ በኪራይ አዳራሽ ለሚሰበሰበው የወንጌል አማኞች ኅብረት ሽማግሌ ነው። በር ላይ ቆሞ ይቀበላል፣ ወንበር ይደረድራል፣ የዘገየውን በዐይኑ ይገሥጻል። ሰው ሲያከብረው ደስ ይለዋል፤ ይህን ራሱም አይክድም።

ጣጣውን ያመጣችበት ዲቦራ ናት። ዲቦራ ጅማ ላብራቶሪ ተምራ የመጣች ልጅ ናት። ዱባይ ስትደርስ ሙያዋን የሚፈልግ አጥታ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እሱ በሚሠራበት ሆቴል እንግዳ ስትቀበል ቆየች። በስንት ማመልከቻና በስንት ጸሎት አንድ የጥናት ማዕከል ወሰዳት፤ እሱም ለሦስት ወር ሙከራ ነው። ማዕከሉ የሚያጠናው ከአገራቸው ርቀው የሚሠሩ ሰዎች በቀን ስንት ጨው እንደሚበሉ ነበር። ጨው የሚለካው ደግሞ በሽንት ነው፤ የአንድ ቀንና የአንድ ሌሊት ሽንት፣ ሳይጎድል ሳይፈስ፣ በሦስት ሊትር ጀሪካን። ዲቦራ ሃያ ኢትዮጵያዊ አሳምና ሃያ ጀሪካን ማስረከብ ነበረባት። ካሟላች ትቀጠራለች። ካበላሸች ወደ ሆቴሉ መመለስ እንኳን የለም፣ ቦታዋ ተይዟል፤ ቪዛዋ ይሰረዝና ወደ አገሯ ነው።

ፓስተር ልዑል ከመዝሙር በኋላ አምስት ደቂቃ ሰጣት። መድረኩ ላይ ወጥታ ቡናማውን ጀሪካን ከፍ አድርጋ ስታሳይ፣ ሕዝቡ የሚጸለይበት ዘይት መስሎት "አሜን" አለ። የሚገባበትን ስትናገር ግን አዳራሹ ጭር አለ።

"የጠዋቱን የመጀመሪያ ሽንት ትደፋላችሁ" አለች ዲቦራ። "ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ፣ የሌሊቱንም፣ የማግስቱን የመጀመሪያውንም ጨምራችሁ ታጠራቅማላችሁ። ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል።"

"ቀዝቃዛ ቦታ ማለት ፍሪጅ ነው?" ብላ ጠየቀች ከኋላ የተቀመጠች እህት።

"አዎ።"

"የማዳም ፍሪጅ?"

ዲቦራ ጥቁር ፌስታልና የታችኛውን መሳቢያ መከረቻት። እህትዮዋ ጀሪካኑን አይታ አቀረቀረች፤ እጁን ያወጣ ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ ጋሼ ሸዋንዳኝ ኮቱን አስተካክሎ ተነሣ።

"ዲቦራ ልጃችን ናት። ልጃችንን በፈረንጅ ፊት አናሳፍርም" አለ። "ማመላለሱን ለእኔ ተዉት።"

አለቃዋ ዶክተር ሜሪ ፈረንጅ ሳትሆን ሕንዳዊት ናት፤ ግን ማንም አላረመውም። ሽማግሌ በሁሉ ፊት ከተነሣ በኋላ እንቢ የሚል ማን አለ? ሃያው ሰው እዚያው ተመዘገበ። ዲቦራም በረዶ የሚያዝበት ሳጥን ሰጠችውና ሦስት ነገር ነገረችው፤ እንዳይጋደም፣ እንዳይሞቅ፣ እንዳይከፈት። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ላይም አስፈረመችው። ማንበቡ እሷን መጠርጠር መስሎት ሳያነብ ፈረመ።

አሥራ ሦስቱ ጀሪካኖች ያለ ምንም ሙሽኪላ ደረሱ። የመጨረሻዎቹን ሰባት የሰበሰበው ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ የጠዋት ሠራተኞቹን ሆቴል አድርሶ፣ በባዶ መኪና ወደ ሻርጃ ተመልሶ። ሳጥኑ ስድስት ብቻ ይይዛል። ሰባተኛዋን ፋንቱን ሮላ፣ የገንዘብ መላኪያዎቹ ፊት ለፊት አገኛት። ፋንቱ እዚያው ሮላ ቤድ ስፔስ የሚሉትን የአንድ አልጋ ኪራይ ይዛ፣ አል መጃዝ ሰፈር ፎቅ ለፎቅ እየዞረች ቤት የምታጸዳ፣ ክንዷ ብርቱ፣ ድምፅዋ ከክንዷ የበረታ ሴት ናት። የዚያን ቀን ግን አንገቷን ደፍታ ነበር።

"ጋሼ፣ ጎደለብኝ" አለችው ጀሪካኑን በሻሽ ሸፍና እየሰጠችው። "በዚህ ሙቀት ስወጣ ስወርድ ሁሉም በላብ አለቀ። የሰው ሁሉ ሞልቶ የእኔ ብቻ እዚህ ጋ።" ሻሹን ገለጥ አድርጋ አሳየችው። ጎኑ ላይ ካሉት መስመሮች ስምንት መቶ የሚለው ላይ ቆሟል።

"ያለሽን ነው የሰጠሽ።"

"ጎደሎ ዕቃ ለሰው ይሰጣል? አብረን እንጸልይበት።"

ጋሼ ሸዋንዳኝ ግራ ቀኙን አየ። የሮላ ሕዝብ ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋ ያልፋል። ፋንቱ እጇን ክዳኑ ላይ ጭና "ጌታ ሆይ፣ በሐኪም ፊት አታሳፍረኝ" አለች፤ ሌላም ብዙ ነገር አለች። እሱም ቶሎ እንዲያልቅ ጮክ ብሎ "አሜን" አለ። ጀሪካኑን ከጎኑ ባለው ወንበር ላይ አቁሞ በቀበቶ አሰረው፣ የበረዶ ከረጢት አስደገፈውና ተነሣ።

የሻርጃና የዱባይ መንገድ ጠዋት ጠዋት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። የዚያን ቀን ደግሞ ከፊት ሦስት መኪና ተጋጭቶ መንገዱ ጭራሽ ቆመ። ጋሼ ሸዋንዳኝ ጠዋት ሁለት ትልልቅ ጠርሙስ ውሃ ጠጥቷል። ከስድስት ወር ወዲህ ውሃ አይጠግብም፤ ሙቀቱ ነው ይላል። ወገቡም ቀጥኗል። ቀበቶው ላይ በምስማር ሁለት ቀዳዳ ጨምሯል፣ በዚህም ይኮራል፤ ባለቤቱ ወለላ አዳማ ሆና በቪዲዮ ስታየው "ጎረምሳ ሆንክብኝ" ትለዋለች። እና አሁን ፊኛው ሊፈነዳ ደረሰ።

መጀመሪያ መዝሙር ከፈተ። ከዚያ መዝሙሩን ዘጋው። እግሩን አጣመረ፣ ፈታ፣ መልሶ አጣመረ። ግራው መኪና፣ ቀኙ መኪና፣ ኋላው ያለ እረፍት ጥሩምባ የሚነፋ የጭነት መኪና። መጋረጃዎቹን ጎትቶ ወደ ኋላ ወንበር ተሻገረና ተሳፋሪ ጥሎት የሄደውን ባዶ የውሃ ጠርሙስ አነሣ። ጠርሙሱ የግማሽ ሊትር ነበር። ግማሽ ሊትሩ እስከ አፉ ሞላ፤ ጋሼ ሸዋንዳኝ ግን ገና ነበር።

እንዲህ ያለ ጊዜ ሰው ብዙ አያስብም። ስድስቱ ጀሪካኖች በሳጥን ተዘግተዋል። ሰባተኛው በእጁ ርቀት ነው፤ ቦታም ያለው እሱ ነው። እንዳይከፈት የተባለው ትዝ ያለው ከከፈተው በኋላ ነው። ከጨረሰ በኋላ፣ ልቡ ረጋ ሲል፣ ምክንያት ፈለገ፤ አላጣም። ሽንት ሽንት ነው፣ ጨውም ጨው ነው። ፋንቱ ጎደለብኝ ብላ ስታፍር አልነበር? ገበያ ላይ እህል የሚሰፍር ሰው ከላይ ጨመር የሚያደርጋት ምርቃት የምትባል ነገር አለች፤ ይህም ምርቃት ነው። ለሳይንስ ቢበዛ ምን ይጎዳዋል? መንገዱ ሳይከፈት ከአርባ ደቂቃ በኋላ ሁለተኛ ምርቃት ጨመረ።

ረቡዕ ከሰዓት ስልኩ ጮኸ። ፋንቱ ናት።

"ጋሼ፣ ተቀምጠዋል?"

"እየነዳሁ ነው።"

"እንግዲያው ያቁሙ። ጸሎታችን ተሰማ። ዲቦራ ደውላ ሺህ ስድስት መቶ ነው አለችኝ። እርስዎ ራስዎ አይተዋል፣ ስምንት መቶ ነበር። እጥፍ ሆኗል፣ ጋሼ፤ ልክ እጥፍ።" ድምፅዋ መኪናውን ሞላው። "ደግሞ ከጨው ጋር ስኳርም ያያሉ አሉ፤ ስኳር አለብሽ ምናምን ትላለች፣ እሑድ በማሽን ላይሽ አለች። እሱንም ያመጣ ጌታ ይወስደዋል። እሑድ እመሰክራለሁ፤ እርስዎም ምስክሬ ነዎት።"

ጋሼ ሸዋንዳኝ መኪናውን አቆመ። ላብ አጠመቀው። ስኳር የምትለዋን ቃል ጆሮው ሰምቷት ልቡ ግን አልያዛትም፤ ልቡን ሙሉ የያዘችው ምስክርነት የምትለዋ ናት። እውነቱን እዚያው ሊነግራት አፉን ከፍቶ ነበር። ግን ሽማግሌ ሆኖ ለአንዲት እህት "የሞላሁት እኔ ነኝ" ማለት በምን ቋንቋ ይቻላል? "ጌታ ይባርክሽ" አላትና ዘጋው።

እሑድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ቅዳሜ ማታ የፊሊፒኖዎች ሠርግ ተደርጎበት ስለነበር ወንበሮቹ የወርቅ ቀለም ሪባናቸውን አልፈቱም። ጋሼ ሸዋንዳኝ በር ላይ ሆኖ፣ ፋንቱን ዛሬ ሥራ በያዛት ብሎ ተመኘ፤ እንዲህ ያለ ምኞት ከሽማግሌ አይጠበቅም። ፋንቱ ነጭ ለብሳ ከሁሉም ቀድማ መጣች።

ምስክርነት ላይ ማይኩን ስትይዝ ከሮላ ጀመረች። ፎቁን ነገረች፣ ላቡን ነገረች፣ የሻሹን ቀለም ሳይቀር ነገረች። "ጎደሎ ነበር! ሽማግሌያችን አይቷል!" ስትል መቶ ሃያ ጭንቅላት ወደ በሩ ዞረ። ጋሼ ሸዋንዳኝ አገጩን ዝቅ ከፍ አደረገ፤ ጎደሎ መሆኑማ እውነት ነው። እጥፍ መሆኑ ሲነገር እልልታው ጣሪያውን ነካ። አንድ ወንድም ተነሥቶ ዘለለ። ጋሼ ሸዋንዳኝ ሰው ለገዛ ሽንቱ ሲያጨበጭብለት ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይወድ ነበር፤ ግን የአዳራሹ መሬት ጠንካራ እብነ በረድ ነው።

ነገሩ በዚህም አላበቃም። ፓስተር ልዑል ፋንቱ ስኳር ተገኘብኝ ስላለች ጸለየላት። ከጸሎቱ በኋላ ዲቦራ እዚያው መድረኩ ሥር አስቀምጣት ጣቷን ወጋች። ትንሿ ማሽን ዘጠና አንድ አለች። ፍጹም ጤነኛ።

"ተፈወስኩ" አለች ፋንቱ። ማይክ አላስፈለጋትም። ሁለተኛው እልልታ ከመጀመሪያው ባሰ።

በዚያ ሁሉ ደስታ መሃል ያልተደሰቱ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛዋ ዲቦራ ናት። ማሽኗን ይዛ ወደ በሩ ስትመጣ ፊቷ አመድ መስሏል።

"ጋሼ፣ አለቀልኝ" አለችው በሹክሹክታ። "በሽንቱ ውስጥ ያለው ስኳር ትንሽ አይደለም፤ የጉድ ነው። ደሟ ውስጥ ግን ከልክ ያለፈ የለም። ይህ የእሷ ሽንት አይደለም ማለት ነው። ዶክተር ሜሪ ስም ያለዋወጥሽው አንቺ ነሽ ትላለች፤ ሌላ ማን ነክቶታል? ነገ በሦስት ሰዓት ሪፖርት አለብኝ። አንዱ ከተለዋወጠ ሃያውም አይታመንም።"

"ታዲያ ምን ያደርጉሻል?"

"ኸላስ ነዋ፤ ያባርሩኛል። ሁለት ዓመት የለመንኩት ሥራ ነበር።" ዐይኗ እንባ ሞላ፤ ሰው እንዳያያት ወደ ግድግዳው ዞረች።

ጋሼ ሸዋንዳኝ ወደ መድረኩ አየ፣ ወደ እሷም አየ። በአንድ በኩል ክብሩ አለ፣ የሕዝቡም ደስታ፤ በሌላ በኩል ይህች ግድግዳ ላይ የምታለቅስ ልጅ። ልጃችንን አናሳፍርም ብሎ የተነሣው እሱ ራሱ ነው። ፓስተር ልዑልን በጓዳ በር ይዞ አስወጣውና ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረው። ፓስተሩ በሳምንቱ ቀን የባንክ ሠራተኛ ስለሆነ ሰው ስለ ዕዳው ሲናዘዝለት ፊቱን መቆጣጠር ያውቅበታል። አሁን ግን ከንፈሩን ነክሶ ለረጅም ጊዜ ጫማውን ተመለከተ።

"ወንድም ሸዋንዳኝ፣ ይህ የግድ በማይክ መነገር አለበት?"

"ተአምሩ በማይክ ተነግሯል እኮ።"

ፓስተሩ ዞር ብሎ መንገዱን ለቀቀለት።

ጋሼ ሸዋንዳኝ መድረኩ ላይ ሲወጣ ሕዝቡ ሦስተኛ ተአምር የሚሰማ መስሎት ቀድሞ አጨበጨበ። ማይኩ በእጁ ውስጥ ተንሸራተተ።

"ስለ ጀሪካኑ ነው" አለ። "ማክሰኞ መንገድ ተዘግቶ ነበር። አደጋ ነበር። እኔ ደግሞ ውሃ ጠጥቼ ነበር።" ቆመ። ፋንቱን ላለማየት ወደ ጣሪያው አየ። "መጀመሪያ ጠርሙስ ነበረኝ። ጠርሙሱ አነሰ። የእህት ፋንቱ ጀሪካን ቦታ ነበረው። ምርቃት ጨመርኩበት። ሁለት ጊዜ።"

መጀመሪያ የሳቀችው የማዳም ፍሪጅ የጠየቀችው እህት ናት፤ በነጠላዋ አፏን አፍና። ከዚያ ከወንዶቹ በኩል አንድ ሳቅ አመለጠ። ከዚያማ አዳራሹ በሙሉ ወንበር ለወንበር እየተደገፈ ሳቀ፤ የዘለለው ወንድም ብቻ አልሳቀም። ጋሼ ሸዋንዳኝ አሥራ አንድ ዓመት የገነባው ክብር በወርቅ ሪባኖቹ መሃል ሲበተን ቆሞ አየ። ፋንቱ ከፊት ወንበር በድንጋጤ አፍጥጣ ታየዋለች።

"አሜን ሲሉ አስበውት ነበር?" አለችው።

"ዋላሂ አላሰብኩትም" አለ። ሽማግሌ በአዳራሽ ውስጥ በአረብኛ ሲምል የሰማው እንደገና ሳቀ።

ዲቦራ አልሳቀችም። ሕዝቡን እየገፋች መጣችና መድረኩ ላይ ወጣች። ጋሼ ሸዋንዳኝ ልታመሰግነው መስሎት ነበር።

"በስንት ጊዜ ውስጥ ነው ሁለቴ?" አለችው።

"በአርባ ደቂቃ።"

"ጠርሙሱም ሞልቶ?"

"ሞልቶ።"

"ሌሊትስ ስንት ጊዜ ይነሣሉ?"

"አራት። አምስትም ይሆናል።" ለሪፖርቱ የምትጽፍ መስሎት በጥንቃቄ መለሰላት። "ውሃ ስለማበዛ ነው።"

"ጣትዎን ይስጡኝ፣ ጋሼ።"

ሰጣት። መርፌዋ ስትወጋው አልተሰማውም። ማሽኗ ትንሽ አሰበችና አራት መቶ ሠላሳ ስምንት አለች። የፋንቱን ዘጠና አንድ ያየው ሁሉ ይህንንም አንገቱን አስግጎ አየ። ሳቁ ከፊት ወንበር ጀምሮ ወደ ኋላ እየጠፋ ሄደ።

"ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆናል" አለ ጋሼ ሸዋንዳኝ።

"አልተበላሸም።" ጣቱን አለቀቀችም። "ስኳሩ የእርስዎ ነው። ጀሪካኑ ውስጥ የገባው የእርስዎ ስለሆነ ነው የተገኘው።"

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር በአንድ ላይ መጣበት፤ ውሃው፣ ሌሊቱ፣ ሲነዳ ዐይኑን ጭጋግ ጭጋግ የሚለው፣ በምስማር የበሳቸው ሁለት ቀዳዳዎች። ለካ የኮራበት ሁሉ በሽታ ኖሯል። በጣም ፈራ። ኀፍረቱ ወዴት እንደሄደ እንኳ አላወቀም። ፋንቱ መድረኩ ላይ ወጥታ በዚያ ብርቱ ክንዷ ደግፋ ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

ዲቦራ እዚያው ቆማ ለዶክተር ሜሪ ደወለች። እስከ ነገ ብትጠብቅ ያላትን ድፍረት ታጣ ነበር። ሁሉንም በእንግሊዝኛ ተናገረች፤ መንገዱን፣ ጠርሙሱን፣ ምርቃቱን ለመተርጎም እንኳ ሞከረች። ከዚያ ለረጅም ጊዜ አዳመጠች። ስልኩን ስትዘጋ ሰው ሁሉ አፍ አፏን ያይ ነበር።

"ምን አለችሽ?" አለ ጋሼ ሸዋንዳኝ። ለራሱ ሳይሆን ለእሷ ነው የጠየቀው፤ ይህን ሁሉም ያውቃል።

"መጀመሪያ ሰውየው ሆስፒታል ደርሷል ወይ አለችኝ። ሌላውን የነገረችኝ ከዚያ በኋላ ነው። የፋንቱ ይጣላል፤ ፋንቱ እንደገና ትሰጣለች። ጥፋቱ የእኔ እንዳልሆነ ትጽፍልኛለች፣ እቀጥላለሁ።" አፍንጫዋን ጠረገች። "ከእንግዲህ ግን ራሴ በሜትሮ ነው የማመጣው። እርስዎን ወደ ጀሪካን እንዳላስጠጋ አስጠንቅቃኛለች።"

"እንደገና?" አለች ፋንቱ። "በዚህ ሙቀት?"

የመኪናውን ቁልፍ ፓስተር ልዑል ወሰደበት። በዚህ ዐይን አይነዳም አለና ወደ ሆስፒታል የሚወስዳቸው ታክሲ ጠራ። ጋሼ ሸዋንዳኝ ከኋላ ተቀመጠ፤ በግራው ዲቦራ፣ በቀኙ ፋንቱ። ለስንት ዓመት ሌላውን ጭኖ ሲሄድ ኖሮ የሰው ተሳፋሪ መሆን እንዴት እንደሆነ ረስቶት ነበር። እጁን የት እንደሚያደርግ ቸገረው። ዲቦራ ለቤት ይደውሉ አለችው፤ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእርስዎ ይስሙት አለችው።

ወለላ በመጀመሪያው ጥሪ አነሣች።

"ምነው፣ በዚህ ሰዓት? ምን ሆንክ?"

ድንገት እንዳያስደነግጣት ከመጀመሪያው ጀመረ። ዲቦራን ነገራት፣ ጨውን ነገራት፣ ፋንቱ ሮላ ላይ ጀሪካኑ ላይ እጇን ጭና መጸለይዋን ነገራት። የተዘጋው መንገድ ላይ ሲደርስ ወለላ ገባት። ሳቋን መግታት አቃታት፤ "አንተ ሽማግሌው" እያለች፣ ትንፋሽ እያጠራት፣ ለእህቷም ልትነግር ወደ ሳሎን እየሮጠች ሳቀች። ታክሲው ውስጥ ድረስ ይሰማ ነበር። ዲቦራ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች፤ ፋንቱ እጁን ይዛለች። ጋሼ ሸዋንዳኝ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ሚስቱ ስቃ እስክትጨርስ ጠበቀ። ቀሪውን ገና አልነገራትም ነበር።